የመቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሕፃናት «ከዳኑ» በኋላ ምን ይጠብቃቸዋል?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሲክል ሴል ለተባለው በዘር የሚተላለፍ የቀይ ደም ህዋስ በሽታ ሕሙማን ሁለት የዘረመል ሕክምናዎችን፣ ማለትም የሕመምተኛውን የራሱን የመቅኔ ህዋሳት አርመው የሚመልሱ ሕክምናዎችን፣ በአንድ ቀን አጸደቀ። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ከሁለቱ አንዱ በመንግሥት የጤና አገልግሎት እንዲሰጥ ፈቀዱ። ሁለቱም ጊዜ ዜናው የተሰራጨው «ፈውስ ተገኘ» በሚል ነበር። በእኛም ዘንድ በማኅበራዊ መገናኛ ዘዴዎች ላይ «ይህ ልጅ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ያስፈልገዋል፤ ወደ ሕንድ መሄድ አለበት» የሚል የእርዳታ ጥሪ አልፎ አልፎ ይወጣል። ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ልጁ ይሄዳል፣ ሲመለስም «ፈጣሪ ይመስገን፣ ድኗል» ይባልና ጉዳዩ ይዘጋል።

በተቃራኒው ደግሞ «ንቅለ ተከላ የተደረገለት ልጅ አያድግም፣ አይወልድም፣ ውሎ አድሮ ሌላ ካንሰር ይይዘዋል» የሚል ወሬ በሕሙማን ቤተሰቦች መካከል ይዘዋወራል። አንዳንድ ወላጆች በዚህ ፍርሃት ሕክምናውን ያዘገያሉ።

ሁለቱም አነጋገሮች የጎደላቸው አንድ ነገር አለ። ከንቅለ ተከላ በኋላ ከዓመታት ቆይታ የሚመጡት ጉዳቶች በአብዛኛው የዕድል ጉዳይ አይደሉም። ልጁ የትኛውን መድኃኒት በምን ያህል መጠን እንደወሰደ፣ ጨረር አግኝቶ እንደሆነ፣ ያኔ ዕድሜው ስንት እንደነበረና ለጋሹ ምን ያህል ይመሳሰለው እንደነበር የሚያውቅ ሐኪም የትኛው የአካል ክፍል በየትኛው ዕድሜ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድሞ መገመት ይችላል። የተገመተ ጉዳት ደግሞ ይጠበቃል፤ ብዙውም ይታከማል።

ሕክምናው እንዴት ይሠራል?

ስቴም ሴል ማለት ራሱን እያባዛ ወደ ሌሎች ህዋሳት መለወጥ የሚችል እናት ህዋስ ነው። እዚህ የምንነጋገርባቸው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ሆነው ቀይ የደም ህዋስን፣ ነጭ የደም ህዋስንና ለደም መርጋት የሚያገለግሉትን ፕሌትሌቶች የሚያመነጩት ናቸው። ለጉልበት ሕመም፣ ለኦቲዝም ወይም ለእርጅና «የስቴም ሴል ሕክምና እንሰጣለን» እያሉ የሚያስተዋውቁ ክሊኒኮች ከዚህ ጋር የሚያገናኛቸው ስሙ ብቻ ነው።

ንቅለ ተከላ ይባል እንጂ እንደ ኩላሊት ንቅለ ተከላ ተቀባዩ በቀዶ ሕክምና አይከፈትም። ከለጋሹ መቅኔ፣ ከደም ሥሩ ወይም ከእትብት ደም የተወሰዱት ህዋሳት እንደ ተራ ደም በከረጢት ተንጠልጥለው በደም ሥር ይገባሉ። መንገዳቸውን ራሳቸው አግኝተው መቅኔው ውስጥ ይሰፍራሉ፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜም አዲስ ደም ማምረት ይጀምራሉ። ከባዱ ሥራ ከዚያ በፊት ያለው ነው። አዲስ ዘር የሚዘራበት ማሳ አስቀድሞ እንደሚመነጠር ሁሉ፣ የልጁም የቀድሞ መቅኔ በከፍተኛ መጠን በሚሰጥ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንድ ጊዜም መላ ሰውነትን በሚያገኝ ጨረር እንዲጠፋ ይደረጋል። ይህ የዝግጅት ሕክምና ይባላል። ቡሱልፋን፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ሜልፋላን እና ፍሉዳራቢን በብዛት ከሚያገለግሉት መድኃኒቶች መካከል ናቸው።

በሕፃናት ላይ የመጀመሪያዎቹ የተሳኩ ንቅለ ተከላዎች የተደረጉት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በሮበርት ጉድ የተመራው ቡድን ያለ በሽታ መከላከያ አቅም ለተወለደ ወንድ ሕፃን የእህቱን መቅኔ ሰጠው፤ ሕፃኑም አድጎ ለጉልምስና በቅቷል። በኋለኞቹ አሥርት ዓመታት ሕክምናው ለደም ካንሰር፣ መቅኔው ደም ማምረት ለሚያቆምበት አፕላስቲክ አኒሚያ፣ ታላሴሚያ ለሚባለው በዘር ለሚተላለፍ የደም ማነስና ለሲክል ሴል እየሰፋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የታከሙት ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ስለ ረጅም ጊዜ ጉዳቶች ያለን እውቀት አብዛኛው የተገኘው እነሱን በመከታተል ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ጨረሩን የተቀበሉት በአንድ ጊዜ ነበር፤ ዛሬ ግን በተለምዶ 12 ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ያህሉ በጥቂት ቀናት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ስለዚህ ከድሮዎቹ ሕሙማን የተገኘ ውጤት ዛሬ ለሚታከም ልጅ እንዳለ አይሠራም፤ ብዙውን ጊዜ የዛሬው ልጅ ሁኔታ የተሻለ ነው።

እድገት፣ ጉርምስናና ልጅ መውለድ

ወላጆችን ከሁሉ የሚያስጨንቀውና ከሁሉ ይበልጥ በተዛባ መንገድ የሚወራው ይህ ነው።

ጨረር ያገኘ ልጅ ቁመቱ የሚገታበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። የእድገት ሆርሞን የሚያመነጨው በአንጎል ሥር ያለው እጢ ይዳከማል፤ አጥንት የሚረዝምባቸው ጫፎችም ራሳቸው ይጎዳሉ። የበሽታ መከላከያን የሚገታውን ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰደ ልጅ ላይ ችግሩ ይብሳል። በክትትል ክፍል ውስጥ ሐኪሙ በየስድስት ወሩ የልጁን ቁመት ለክቶ በእድገት ሰንጠረዥ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። አንድ ልጅ አጭር መሆኑ ብቻ አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ነጥቦቹ የቀድሞ መስመራቸውን ለቀው ወደ ታችኛው መስመር ሲንሸራተቱ ነው። ጠንቃቃ ሐኪም ልጁን ቆሞ ብቻ ሳይሆን ተቀምጦም ይለካዋል፤ መላ ሰውነትን የሚያገኝ ጨረር የጀርባ አጥንትን እድገት ስለሚገታ፣ እግሮቹ ረዝመው ወገቡ አጥሮ ሊገኝ ይችላልና። በሰው ሠራሽ የእድገት ሆርሞን የሚደረገው ሕክምና በእነዚህ ልጆች ላይ የሚጠበቀውን ያህል የማያረካበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሆርሞኑ ቢተካም የአጥንቱን ጉዳት አይመልሰውም።

የታይሮይድ እጢ መዳከም ከዚህ ይልቅ ቀላል ነው፤ ግን ካልተፈለገ አይገኝም። ልጁ ይደክመዋል፣ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ትምህርቱ ይወርዳል። ቤተሰቡና መምህሩ «ታሞ ስለከረመ ነው» ወይም «ሰንፏል» ይላሉ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ተራ የደም ምርመራ ችግሩን ይለየዋል፤ ሕክምናውም በቀን አንድ እንክብል ነው።

ስለ መውለድ ሲነሳ «ንቅለ ተከላ የተደረገለት አይወልድም» የሚለው ድፍን አነጋገር ስህተት ነው። ለአፕላስቲክ አኒሚያ ከወንድም ወይም ከእህት መቅኔ የሚያገኝ ልጅ ብዙውን ጊዜ ያለ ጨረር በሳይክሎፎስፋማይድ ይዘጋጃል፤ እንዲህ ከታከሙት ልጃገረዶች ብዙዎቹ የወር አበባቸው ተመልሶ ወልደዋል። በከፍተኛ መጠን ቡሱልፋን ወይም መላ ሰውነትን የሚያገኝ ጨረር የተሰጣት ልጅ ግን እንቁላል ማምረቻዋ የመዳከሙ ዕድል ከፍተኛ ነው። በራሷ ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ላትደርስ ትችላለች። ያኔ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን እየተሰጣት ሰውነቷ እንዲያድግ ይደረጋል፤ ይህ ለጡት እድገት ብቻ ሳይሆን ለአጥንቷ ጥንካሬም የግድ ነው።

በወንዶች ላይ ነገሩ ይደበቃል። የወንድነት ሆርሞን የሚያመነጩት የዘር ፍሬ ህዋሳት ጨረርንና መድኃኒትን በአንጻሩ ይቋቋማሉ፤ የወንድ ዘር የሚፈጥሩት ግን በቀላሉ ይጠፋሉ። ስለዚህ ልጁ ድምፁ ይጎረንናል፣ ጢም ያበቅላል፣ ሁሉ ነገሩ የተስተካከለ ይመስላል። አግብቶ ልጅ ሲዘገይ ጥያቄው ይነሳል፤ ባህላችን ደግሞ ጣቱን መጀመሪያ የሚቀስረው ወደ ሚስቱ ነው። ከ18 ዓመቱ በኋላ የሚደረግ አንድ ምርመራ ብዙ ትዳርን ከሐሜት ሊያድን ይችላል።

ለዚህ መፍትሔ የሚፈለገው ከንቅለ ተከላው በፊት ነው። ለአቅመ አዳም የደረሰ ልጅ ዘሩን በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ይችላል። ገና ላልደረሰች ሴት ልጅ የእንቁላል ማምረቻዋ ከፊል ተወስዶ በቅዝቃዜ ይቀመጥላታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቤልጂየም የተዘገበው ይህን አረጋግጧል። ከአፍሪካ የሄደች የሲክል ሴል ሕመምተኛ በ13 ዓመቷ፣ የወር አበባ ከማየቷ በፊት፣ እንቁላል ማምረቻዋ ተወስዶ ተቀመጠላት፤ ከአሥር ዓመት ያህል በኋላ ተመልሶ ተተከለላትና ጤነኛ ልጅ ወለደች። ላልደረሱ ወንዶች የሚደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ገና በምርምር ላይ ነው። አገልግሎቱ በሁሉም ስፍራ አይገኝም፤ ወጪም አለው። ከዝግጅት ሕክምናው በኋላ ግን ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ነው፤ በሩ ተዘግቷል።

የለጋሹ ህዋሳት ጥቃት ሲሰነብት

ሌላው የጉዳት ምንጭ ለጋሹ ነው። ከለጋሹ የሚመጣው መቅኔ የለጋሹን የበሽታ መከላከያ ህዋሳት ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ህዋሳት የልጁን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁ ይችላሉ። ጥቃቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት በቆዳ ሽፍታ፣ በተቅማጥና በጉበት ሕመም ይታያል። ሲሰነብት ቆዳን ያደነድናል፣ ዓይንንና አፍን ያደርቃል፣ መገጣጠሚያን ያስራል፣ ሳንባንም ይነካል።

ጥቃቱን ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው የለጋሹና የተቀባዩ የህዋስ ዓይነት መመሳሰል ነው። ከአንድ እናትና አባት የተወለደ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድሉ አንድ አራተኛ ነው። ከቤተሰብ ካልተገኘ ወደ በጎ ፈቃደኛ ለጋሾች መዝገብ ይኬዳል፤ እዚያም ዕድሉ ለሁሉም እኩል አይደለም። በአሜሪካው ብሔራዊ የመቅኔ ለጋሾች መዝገብ መረጃ መሠረት አንድ ነጭ አሜሪካዊ ሙሉ በሙሉ የሚመሳሰለው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን፣ ለጥቁር አሜሪካዊ 29 በመቶ ነው። በመዝገቡ የተመዘገቡ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ማነስና በአፍሪካውያን መካከል ያለው የዘረመል ስብጥር ስፋት ለዚህ ምክንያት ናቸው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም የሚፈልጉት በዚሁ መዝገብ ውስጥ ነው። በግማሽ ከሚመሳሰል እናት ወይም አባት የሚደረገው ንቅለ ተከላ፣ በተለይ ከተከላው በኋላ ባሉት ቀናት ሳይክሎፎስፋማይድ የመስጠት ዘዴ ከመጣ ወዲህ፣ ክፍተቱን በእጅጉ አጥብቦታል።

ለአገራችን ሐኪሞችና ቤተሰቦች ልዩ ትኩረት የሚሻው ሳንባ ነው። የለጋሹ ህዋሳት ጥቃት ትንንሾቹን የአየር ቱቦዎች እያጠበበ ሲሄድ ልጁ ደረቅ ሳል ያስለዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር ለሰነበተ ሳል መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው፤ ካልሆነም አስም ይባላል። በእርግጥ መከላከያው የተዳከመ ልጅ ነቀርሳም ሊይዘው ስለሚችል መመርመሩ ተገቢ ነው። ግን ምርመራው ነፃ ካለው በኋላ ነገሩ መቆም የለበትም። ልጁ ወደ ቱቦ ተንፍሶ የሳንባውን አቅም የሚለካበት ምርመራ በየጊዜው ከተደረገ፣ መቀነሱ ገና ልጁ ሳይታወቀው ይታያል። የጠበበው ቱቦ ተመልሶ ስለማይሰፋ መዘግየቱ ዋጋ ያስከፍላል።

ክትባትም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ጉዳይ ነው። ልጁ በሕፃንነቱ የወሰዳቸው ክትባቶች ከቀድሞ መቅኔው ጋር አብረው ይጠፋሉ፤ እንደ አዲስ መከተብ አለበት። ሕይወት የሌላቸው ክትባቶች ከወራት በኋላ ይጀመራሉ። እንደ ኩፍኝ ያሉት ሕያው ክትባቶች ግን ቢያንስ ሁለት ዓመት እስኪሞላ፣ መከላከያን የሚገቱ መድኃኒቶች እስኪቆሙና የለጋሹ ህዋሳት ጥቃት እስኪጠፋ ድረስ አይሰጡም። እዚህ ላይ ቤት ለቤት የሚደረገው የፖሊዮ ዘመቻ ይታሰባል። በአፍ የሚንጠባጠበው ክትባት ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለዚህ ልጅ ብቻ ሳይሆን አብረውት ለሚኖሩ ታናናሾቹም በዚያ ወቅት አይመከርም፤ እነሱ በመርፌ የሚሰጠውን ይወስዳሉ። በአንጻሩ የወንድሞቹና የእህቶቹ የኩፍኝ ክትባት እሱን የሚጠብቅ ግንብ ነው፤ መዝለል አይገባም። ይህን ልዩነት በር ላይ ቆማ ለምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናቲቱ ማስረዳት የምትችለው እሷ ራሷ ሲነገራት ብቻ ነው።

ጥርስ፣ ዓይን፣ ልብና ሁለተኛ ካንሰር

ቋሚ ጥርሶቹ ሳይፈጠሩ የታከመ ልጅ ጥርሶቹ ትንንሽ ይሆናሉ፤ ሥራቸው አጥሮ ይቀራል ወይም ጭራሽ አይበቅሉም። የልጁን ታሪክ የማያውቅ የጥርስ ሐኪም ራጅ ሳያነሳ ሽቦ ቢያስርለት አጭር ሥር ያላቸው ጥርሶች ሊነቃነቁ ይችላሉ። ጨረር ያገኙ ልጆች የዓይን ሞራ በወጣትነታቸው ሊያወጡ ይችላሉ፤ ቀዶ ሕክምናው ያድናል። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ጎረምሳ ዳሌው ላይ ሕመም ከተሰማው አጥንቱ የደም አቅርቦት አጥቶ እየሞተ ሊሆን ስለሚችል በማሸት መታለፍ የለበትም። ከንቅለ ተከላው በፊት ለካንሰር ዶክሶሩቢሲን ወይም ዳውኖሩቢሲን የተባሉትን ልብን ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች የወሰደ ልጅ ልቡ በየጊዜው በአልትራሳውንድ ይታያል። ለዓመታት ደም ሲወስድ የኖረ የታላሴሚያ ልጅ ደግሞ በጉበቱና በልቡ የተከማቸው ብረት ከንቅለ ተከላው በኋላም እንዲወጣ ይደረጋል።

ሁለተኛ ካንሰር እውነተኛ ስጋት ነው፤ አብዛኞቹን ግን አይደርስባቸውም። ዕድሉ ከዓመታት ጋር ይጨምራል እንጂ አይቆምም። በለጋ ዕድሜ ጨረር ያገኙ ልጆች ለታይሮይድ፣ ለቆዳና ለአንጎል ዕጢ ይበልጥ ይጋለጣሉ፤ የሰነበተ የለጋሽ ህዋሳት ጥቃት ያለባቸው ደግሞ ለአፍና ለቆዳ ካንሰር። አንገትን በእጅ መዳሰስ፣ አፍን በብርሃን ማየት፣ ከፀሐይ መጠበቅና ከሲጋራ መራቅ ውድ መሣሪያ የማይጠይቁ ጥንቃቄዎች ናቸው።

ጨረሩን መተው ይቻላል?

ከላይ የተዘረዘረውን ያነበበ ወላጅ «ታዲያ ጨረሩ ለምን አይቀርም?» ማለቱ አይቀርም። ሐኪሞችም ይህንኑ ጠይቀዋል። ፎረም የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናት አጣዳፊ የሊምፍ ደም ካንሰር ያለባቸውንና ከአራት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ አንደኛውን ወገን በጨረር፣ ሌላውን በኬሞቴራፒ ብቻ አዘጋጀ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ውጤት ብዙዎችን አሳዘነ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጨረር ካገኙት 91 በመቶው በሕይወት ሲኖሩ ከሌሎቹ 75 በመቶው ነበሩ። ልዩነቱ ጎልቶ በመታየቱ በዕጣ መመደቡ ከታቀደው ጊዜ በፊት ቆመ። ለዚህ በሽታ ጨረር ዛሬም ሕይወት ያተርፋል ማለት ነው። አዲስ መቅኔ ኖሮት ቁመቱ ያጠረ ልጅ፣ ካንሰሩ ከተመለሰበት ልጅ ይሻላል።

የሲክል ሴልና የታላሴሚያ ጉዳይ ግን በዚህ ሚዛን አይለካም። በሽታው ካንሰር ስላልሆነ የቀረች አንዲት ክፉ ህዋስ ታገረሻለች ተብሎ አይፈራም፤ ስለዚህ ለስለስ ያለ ዝግጅት ሊበቃ ይችላል። በሌላ በኩል ልጁ በሌላ ሕክምና ለዓመታት ሊኖር ስለሚችል፣ ዛሬ ሊደርስበት የሚችለውን ጉዳት መቀበል አለበት ወይ የሚለው ሐኪሞችን ያከራክራል። አንዱ ወገን አንጎልና ኩላሊት ሳይጎዱ በልጅነት ይደረግ ይላል፤ ውጤቱም በለጋ ዕድሜና ከተመሳሳይ ወንድም ወይም እህት ሲሆን የተሻለ መሆኑ ይደግፈዋል። ሌላው ወገን ልጁ ራሱ አድጎ ይወስን ይላል። ተመሳሳይ ለጋሽ ለተገኘለትና በሽታው ለጠናበት ልጅ የመጀመሪያው ክርክር የሚያመዝን ይመስለኛል፤ በሽታው ለቀለለበትና ለጋሹ ለማይመሳሰለው ግን መቸኮሉ አይታየኝም።

አዲሶቹ የዘረመል ሕክምናዎች ከዚህ ሁሉ ያድናሉ? በከፊል ብቻ። ህዋሳቱ የልጁ የራሱ ስለሆኑ የለጋሽ ጥቃት የለም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካስጄቪ በተባለው ሕክምና ከተገመገሙት 31 ሕሙማን 29ኙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከባድ የሕመም ጥቃት አልደረሰባቸውም። ሆኖም የታረሙት ህዋሳት ከመመለሳቸው በፊት ቡሱልፋን ይሰጣል፤ የመውለድ አቅም ላይ ያለው ስጋት እንዳለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሲጸድቅ የአሜሪካ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ያኔ የተፈቀደውም ከ12 ዓመት ጀምሮ ነበር። ሊፍጄኒያ የተባለው ሁለተኛው ሕክምና ደግሞ ስለ ደም ካንሰር ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። ተመሳሳይ ዘዴ በሚጠቀመውና ለሌላ የልጆች በሽታ በሚሰጠው ስካይሶና በተባለ የዘረመል ሕክምና ከታከሙ 67 ልጆች ሰባቱ የደም ካንሰር እንደያዛቸው እ.ኤ.አ. በ2024 ተዘግቧል። ከአንድ ዓመት ውጤት ተነስቶ ስለ ሠላሳ ዓመት መናገር አይቻልም።

ከሆስፒታሉ መምጣት ያለበት ወረቀት

አንዳንድ ሐኪሞች ሕይወቱ ለአደጋ ለተጋለጠ ልጅ እናት ስለ መውለድና ስለ ቁመት ማውራት ሸክም መጨመር ነው ይላሉ። ሐዘኔታቸው ይገባል፤ ነገር ግን ዘር ማስቀመጥን የመሰለ ነገር ካለፈ የማይመለስ ስለሆነ፣ አጠር ባለ ንግግርም ቢሆን ከተከላው በፊት መነገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካና የአውሮፓ የንቅለ ተከላ ማኅበራት በጋራ ያወጡትና በኋላ የታደሰው መመሪያ ምርመራው በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱ፣ ከዚያም በየዓመቱ ዕድሜ ልክ እንዲደረግ ይመክራል። የደም ግፊት፣ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የኩላሊት፣ የዓይንና የጥርስ ምርመራዎች የንቅለ ተከላ ማዕከል አያስፈልጋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ምን እንደሚፈለግ የሚነግር መረጃ ነው። ልጁ ከውጭ ሲመለስ የሚይዘው የመውጫ ወረቀት ግን በአብዛኛው የሚጻፈው ለቀጣዩ ሳምንት ሐኪም ነው፤ የደም ቆጠራውንና የሚወስዳቸውን እንክብሎች ይናገራል። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚጠቅመው ሌላ ነው፦ የእያንዳንዱ ኬሞቴራፒ ስምና ድምር መጠን፣ ጨረር ከነበረ ስንት ግሬይ በየትኛው የሰውነት ክፍል፣ ለጋሹ ማን እንደነበረና ምን ያህል እንደተመሳሰለ፣ የለጋሽ ህዋሳት ጥቃት ደርሶ ከነበረ የትኛውን አካል እንደነካ፣ ስቴሮይድ ለስንት ወር እንደተወሰደ።

ወላጆች ይህን ከመመለሳቸው በፊት በጽሑፍ መጠየቅ ይችላሉ፤ መብታቸውም ነው። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ቅጂው በራሱ እጅ መሆን አለበት፤ በአምስት ዓመቱ የታከመ ወጣት ምን እንደተሰጠው አያስታውስምና። የእርዳታ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ኮሚቴዎችም የአውሮፕላን ትኬቱንና የሆስፒታሉን ሂሳብ ሲደምሩ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት ክትትል አብረው ቢያሰሉ ጭማሪው ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ ነው። ልጃቸው ከዓመታት በፊት ታክሞ ወረቀቱ የሌላቸው ቤተሰቦች የልጁን የካርድ ቁጥርና የታከመበትን ቀን ጠቅሰው ለሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል በኢሜይል መጻፍ ይችላሉ። ሆስፒታሎች የቆየ መዝገብን ለዘላለም ስለማያስቀምጡ ደብዳቤው ዘንድሮ ቢጻፍ ይመረጣል።